ከውሃ በታች ያለው በር

ስለ ጀልባ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሸራውንና ምሰሶውን ነው። ሠዓሊው ነፋስ ያዘለ ሸራ ይሥላል፤ ገጣሚውም ስለ ማዕበሉና ስለ አድማሱ ይቀኛል። ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ በጨለማና በእርጥበት ውስጥ ተሸሽጎ ለሚኖረው ለአንድ የነሐስ ቁራጭ ግን ብዕሩንም ሆነ ብሩሹን ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ማታ በመልሕቋ ላይ የቆመች ጀልባ በማግሥቱ ተንሳፍፋ መገኘቷንና አለመገኘቷን የሚወስነው ይኸው ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቁራጭ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀልባ ቀፎ የሚሠራው ውሃ እንዳያስገባ ነው፤ ሆኖም የሠራው እጅ ራሱ መልሶ ይበሳዋል። ሞተሩ ለመቀዝቀዣ የባሕር ውሃ መሳብ አለበት፤ የሳሕን ማጠቢያው እጣቢ መውጫ ይሻል፤ መጸዳጃውም አንድ የውሃ መግቢያና አንድ የቆሻሻ ማስወገጃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንዲት አነስተኛ ባለሸራ ጀልባ ላይ እንኳ ከውሃው ወለል በታች ሦስት ወይም አራት ቀዳዳዎች ይኖራሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ከቀፎው ጋር የታሰረ፣ በእጀታ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል፤ ይህንንም የባሕር ቫልቭ ማለት ይቻላል። ከላዩ የተሰካው ቱቦ ቢቀደድ ወይም ማሰሪያው ቢላቀቅ፣ በባሕሩና በጀልባዪቱ ሆድ መካከል የሚቆም ሌላ በር የለም። 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ክፍት ቢቀር፣ 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላል።

በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የፖርትስመዝ ወደብ ያልተዘጋ ቀዳዳ የሚያስከትለውን ጥፋት ከታሪኩ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1545 «ሜሪ ሮዝ» የተባለችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ከፈረንሣይ መርከቦች ጋር ልትገጥም ወጥታ ሳለ በዚሁ ወደብ ደጃፍ ሰጠመች። በርካታ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት፣ መርከቧ በምትዞርበት ጊዜ ነፋስ አጋደላትና ሳይዘጉ በቀሩት የመድፍ መስኮቶቿ በኩል ውሃ ገባባት። ከሠራተኞቿም የተረፉት ጥቂቶች ነበሩ። ከ437 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982፣ የቀፎዋ ቅሪት ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ ዛሬ በዚያው ከተማ በሙዚየም ውስጥ ይታያል። ያንን የተጋደመ እንጨት ቆሞ የሚመለከት ሁሉ አንድ ነገር ሳይማር አይወጣም፤ ይኸውም ትልቅን መርከብ ለማስጠም ትልቅ ጠላት የግድ አለማስፈለጉን ነው።

ከዚሁ ወደብ በስተምዕራብ፣ ጎስፖርት በተባለችው ከተማ፣ በአንድ የጀልባ ማደሻ ግቢ ውስጥ፣ ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያላት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ በመጋቢት ወር መጨረሻ በመደገፊያዎች ላይ ቆማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ግን ቅርጿ ያላረጀ ጀልባ ናት። ባለቤቷ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ናቸው።

ሽማግሌው ለባሕር እንግዳ አይደሉም። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ሠልጥነው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ለዓመታት አገልግለዋል። ያቺ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ አገር ውሃ ላይ የወረደች፣ በመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ትባል የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተሰጠች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት መርከብ ናት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመጨረሻ ጉዞዋን ወደ የመን አደረገች፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም ተሰባብራ ለቁርጥራጭ ብረት እንድትውል ተሸጠች። ሽማግሌው ከእርሷ ጋር ተሻግረው፣ ከብዙ እንግልት በኋላ እንግሊዝ አገር ደረሱ። ሀብት ይዘው አልመጡም። ይዘው የመጡት በእጃቸው ላይ የቀረውን ሙያና የአንድ አንጋፋ መካኒክ ትእዛዝ ነበር። ያ አንጋፋ ሰው በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አዲሶቹን ምልምሎች ከሞተር ክፍሉ ወለል በታች እያስገባ የባሕር ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዘግተው እንዲከፍቱ ያደርጋቸው ነበር። «ቫልቭን ሥራ አይገድለውም፤ የሚገድለው ሥራ መፍታት ነው» ይላቸው ነበር።

በመርከቧ ላይ ቅዳሜ አንድም ጊዜ ያልተዘለለችውን ያህል፣ በጎስፖርቷ ጀልባ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘለለች። የሽማግሌው ባለቤት ታመው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዪቱ ሁለት ክረምት ከውሃ ሳትወጣ፣ ቫልቮቿም ሳይታዩ ቆዩ። አሁን ደግሞ ሃያ ዓመት የሆናት የልጃቸው ልጅ፣ በመጪው በጋ ከጓደኞቿ ጋር የሶለንትን ወሽመጥ ተሻግራ ወደ ዋይት ደሴት ለመሄድ አስባለች። ሽማግሌውም ጀልባዪቱን እንደሚሰጧት ቃል ገብተዋል። እንግዲህ ጀልባዪቱ ከውሃ የወጣችው ይህንን ቃል ለመፈጸም ነበር፤ የሁለት ዓመት ዝምታ ምን እንዳደረሰ የሚታወቀውም በዚያ ሳምንት ነበር።

ልጅቱ የወለሉን ሳንቃ አንሥታ በጀልባዪቱ ሆድ ውስጥ ተንበረከከች። የመጸዳጃውን ማስወገጃ ቫልቭ እጀታ በሁለት እጇ ብትጎትተው ንቅንቅ አልል አላት። አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ከአንገቱም ላይ ጨው ደርቆበታል። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የሞተሩ ውሃ መግቢያ ቫልቭ አለ። እርሱ ግን ወደ ብጫ ያዘነበለ ቀለም ነበረው፤ እጀታውም በአንድ ጣት ይዞር ነበር።

«አባባ፣ ይህኛው ሞቷል፤ አውጥተን እንጣለው» አለች። «ያኛው ግን ደኅና ነው። ይዩት፣ እንዴት እንደሚያበራ!»

«ልጄ፣ የጠነከረ ሁሉ ሞተ አይባልም» አሉ ሽማግሌው ከመሰላሉ ላይ ሆነው። «ምናልባት የጠማው ይሆናል። መዶሻውን አስቀምጭና መፍቻውን ያዢ።»

የጠነከረው ቫልቭ በእንግሊዝ ጀልባዎች ላይ ብዙ ዘመን የኖረው፣ ብሌክስ የሚባለው ዓይነት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አካሉ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ አለው፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልክ የሆነ፣ እንደ ሾጣጣ ቡሽ ያለ የነሐስ እምብርት ይቀመጣል። እምብርቱ ጎኑ የተበሳ ስለሆነ ሲዞር ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር ይገጥምና ውሃ ያሳልፋል፤ እንደገና ሲዞር ይዘጋል። ከላይ ሁለት ቡሎኖች ያሉት ክብ ማፈኛ እምብርቱን ወደ ታች ይጫነዋል። ውሃን የሚያግደው ጎማ አይደለም፤ የሁለት ነሐሶች መተቃቀፍና በመካከላቸው ያለው ስስ የግራሶ ሽፋን ነው። ግራሶው ታጥቦ ካለቀ ነሐስ ከነሐስ ጋር ይጣበቃል፤ ጨውም ገብቶ ይጋግራቸዋል። እንግዲህ የሞተ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቅባት ያጣ ነው።

ልጅቱ በሽማግሌው ቃል እየተመራች ሁለቱን ዳዶዎች ከግራና ከቀኝ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ፈታች። በአንድ ወገን ብቻ ቢፈታ ማፈኛው ይጣመማልና። ከዚያም በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቫልቩ አካል ላይ ጠመጠመች። አካሉ ከእምብርቱ ቀድሞ ሲሞቅ ጥቂት ይሰፋል፤ የፀጉር ያህል እንኳ ቢሰፋ ይበቃል። በሦስተኛው ጨርቅ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ፣ አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማና እምብርቱ ተላቀቀ።

አሮጌው ግራሶ እንደ ደረቀ ሰም ሆኖ ነበር። በላምባ ታጠበ፤ በንጹሕ ጨርቅም ተወለወለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እምብርቱን ወደ ብርሃን አቀረቡት። የሚፈልጉት ጉድጓድና ጭረት ነበር። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ለውሃ መንገድ ይሆነዋል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ካለም እምብርቱ አይድንም። ያገኙት ግን ጥቂት ስስ ጠባሳ ብቻ ነበር። «ይድናል» አሉ።

ከዚያ የሚቀጥለው መሞረድ ነው። ደቃቅ ብናኝ ያለበት መሞረጃ ቅባት በእምብርቱ ላይ በስሱ ይቀባል፤ እምብርቱም በጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይነሣል፤ ጥቂት ዞሮ እንደገና ይገባል። ሽማግሌው ይህንን ሥራ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ወደ ጀልባዪቱ ሆድ በዝግታ ወርደው እምብርቱን ያዙ። እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዛቸውም፤ ተንቀጠቀጠና እምብርቱ ወለሉ ላይ ሊወድቅ ሲል ልጅቱ ቀለበችው። ሁለቱም ጥቂት ዝም አሉ።

«እንግዲህ አንቺ ሥሪው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እነግርሻለሁ። አትጫኚው፤ ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል። የሚሠራው መዞሩ እንጂ ጉልበትሽ አይደለም።»

ልጅቱ አንድ ሰዓት ያህል ሠራች። መጀመሪያ ላይ የቅባቱ ድምፅ እንደ ወፍጮ ሸካራ ነበር፤ ቀስ በቀስ ለስልሶ ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ። እምብርቱ ሲወጣና ሲጠረግ ዙሪያውን ያልተቋረጠ አመድማ ቀለበት ታየበት። ሽማግሌው ያንን ቀለበት አይተው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሁለቱ ነሐሶች በሙሉ ገጽ መገናኘታቸውን የሚመሰክረው እርሱ ነውና። «አሁን ደግሞ የሞረድሽበትን ቅባት አንዲት ፍሬ ሳታስቀሪ ጥረጊው» አሉ። «የቀረ እንደሆነ የጠገነው ራሱ መልሶ ይበላዋል።»

ቀጥሎ የግራሶው ተራ መጣ። ለመኪና የሚሆነው ማናቸውም ግራሶ ለዚህ አይሆንም፤ የባሕር ውሃ የማያጥበው ዓይነት መሆን አለበት። ብዙ መቀባትም ጥቅም የለውም፤ የተረፈው ተገፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ልጅቱ በአንድ ጣቷ ዙሪያውን በስሱ ቀባች፤ እምብርቱን መለሰች፤ ማፈኛውን አስቀምጣ ሁለቱን ዳዶዎች በየተራ አጠበቀች። እጀታው ለእጅ ተቃውሞ እያሰማ፣ ግን ሳይሰናከል እስኪዞር ድረስ ጠበቀ። ከዚያም ማቆለፊያ ዳዶዎቹ ታሰሩ። ጠዋት የሞተ የተባለው ቫልቭ ከቀትር በኋላ በሃያ ዓመት ልጅ እጅ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ልጅቱ ደስ ብሏት የሚያበራውን የሞተር ቫልቭ አልፋ ወደ ሌላው ልትሄድ ስትል ሽማግሌው «ቆይ» አሉ። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና ከቫልቩ ላይ ቱቦው የሚሰካበትን አንገት በስለቱ ፋቅ አደረጉት። ከቆዳው ሥር ብጫ ብረት መታየት ነበረበት። የታየው ግን እንደ ሕፃን ድድ ያለ ሐምራዊ ሮዝ ቀለም ነበር። ሽማግሌው ሰንጢውን አጥፈው፣ በካቻቢቴው እጀታ አንገቱን ጠቅ አደረጉት። አንገቱ ተሰብሮ ከነቱቦው በልጅቱ መዳፍ ላይ ቀረ። ስብራቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፍር የሚል ነበር።

ይህ ክፉ ምሥጢር የብረት ጠባይ ነው። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው፤ በባሕር ውሃም ውስጥ ብዙ ዘመን ይኖራል። ናስ ግን የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየወጣ ይሄዳል፤ የሚቀረው በወንፊት የተመሰለ፣ ኀይል የሌለው መዳብ ነው። ቅርጹ አይለወጥም፤ መጠኑም አይቀንስም። ብጫው ወደ ሮዝ ይለወጣል እንጂ ከውጭ ሲያዩት ያው ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይ ኤስ ኦ 9093 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ደግሞ፣ አንድ የቫልቭ ብረት ዝገትን ይቋቋማል ለመባል አምስት ዓመት ያለ ጉድለት ማገልገሉን በቂ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ስለሆነም ተራ ናስ በብዙ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ ገባ። ጀልባዪቱ ግን ከአምስት ዓመት በላይ ትኖራለች።

ልጅቱ የተሰበረውን አንገት በመዳፏ ይዛ ቀና አለች። «አባባ፣ ይህንን ማን ነው የገጠመው? ከድሮው ባለቤት ጋር የመጣ ነው?»

ለሽማግሌው «አዎን» ማለት ይቻላቸው ነበር፤ የሚያውቅባቸውም አልነበረም። «የለም» አሉ። «የገጠምሁት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሆነው። የቀድሞው ነሐስ ነበረ፤ ጥቂት ጠነከረብኝና አወጣሁት። ሱቅ ስገባ ይህኛው ከሁሉ ይልቅ አበራብኝ፤ ዋጋውም ረከሰ። ዕድሜዬን በሙሉ ነሐስ የያዝሁ ሰው ምንነቱን ሳልጠይቅ ገዛሁ።»

«ባሕር ላይ ሳለን ቢሰበር ኖሮስ?»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። የጀልባዪቱን ሆድ፣ ከላይ ያለውን ጠባብ ደረጃ፣ ልጅቱ የምትቀመጥበትን የመሪ ስፍራ በዐይናቸው ለኩ። «ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ነበር የሚሰበረው» አሉ። «አንቺ ላይ ሆነሽ ሸራውን ታያለሽ፤ ከጓደኞችሽ ጋር ትስቂያለሽ። እርሱ ታች ሆኖ ይሞላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው። እናቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኀዘኔን ስጠብቅ አንቺን ሳልጠብቅ ቀረሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ልጅቱ የቀረውን የናስ ቫልቭ ከቀፎው ፈትታ አወጣች።

በዚያ ቀን በአንዲት ጀልባ ሆድ ውስጥ ሁለት ፍርዶች ተገልብጠዋል። ዝገት የለበሰው ጥቂት ላምባ፣ የአንድ ሰዓት ትዕግሥትና አንድ ጣት ግራሶ ብቻ ሽቶ ነበር፤ የሚያበራው ግን ከውስጡ ባዶ ሆኖ ቀን ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ የወጣቷ ነበር፤ ልምድ ማጣት ነውና ይቅር ይባላል። ሁለተኛው ግን የባለሙያው ነበር። ሙያ ራሱ አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀመጥ ንብረት አይደለምና፤ እርሱም እንደ ቫልቩ ካልተዘወረ ይጋገራል። ይህንን በክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ዓመት ከዓመት የሚያነብ መምህር ያውቀዋል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ገመዱ መበላቱን ሳያይ መድረኩን ብቻ የሚያስጌጥ የቴአትር አዘጋጅም ያውቀዋል። ለኀላፊነት የተቀመጠ ሰውም፣ አፉን ሞልቶ «ደኅና ነው» የሚለውን ሪፖርት ብቻ እየሰማ፣ ዝም ያለውንና የጠነከረውን ከመጠየቅ የቦዘነ እንደሆነ ያውቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ቃል ቀላል የሚመስለው ቅጠሉን የያዘውን እጅ ለማያስብ ሰው ነው። ያ እጅ ማንም ሳያየውና ሳያመሰግነው ወደ ጨለማው መውረድ አለበት።

ሽማግሌው ያደረጉት ትልቁ ነገርም ቫልቩን ማወቃቸው አልነበረም። ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ለልጅ ልጃቸው መናገራቸው ነበር። ባይናገሩ ኖሮ ልጅቱ ስለ ናስ ትማር ነበር፤ በተናገሩ ጊዜ ግን አዋቂ ሰውም እንደሚሳሳትና ስለዚህ የአዋቂን ሥራ እንኳ በሰንጢ ፋቅ አድርጎ ማየት እንደሚገባ ተማረች።

በሳምንቱ ነሐስ መሆኑ በጽሑፍ የተረጋገጠ አዲስ ቫልቭ ተገዝቶ ተገጠመ። እንደ ጠዋቱ የብሌክስ ቫልቭ የቀሩትም ተፈትተው ታጠቡ፤ ግራሶ ተቀቡ። በእያንዳንዱ ቫልቭ ጎን፣ ቧንቧው ድንገት ቢሰበር ቀዳዳው የሚደፈንበት ሾጣጣ የለስላሳ እንጨት ውታፍ በሲባጎ ታሰረ።

ጀልባዪቱ ወደ ውሃ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ክሬኑ በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች አንሥቶ ውሃው ላይ አሳረፋት፤ ቀበቶዎቹ ግን ገና አልተፈቱም ነበር። ይህ ጊዜ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ውሃ የገባ እንደሆነ መልሶ ማንሣት የሚቻለው ቀበቶው ሳይፈታ ነውና። ቀድሞ በዚህ ሰዓት ባትሪ ይዘው ወደ ታች የሚወርዱት ሽማግሌው ነበሩ። ዛሬ ግን በወደቡ ዳር በአንድ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ወረደች።

በሦስቱ ቫልቮች ሥር ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነበሩ። በአራተኛው፣ በሞረደችው አሮጌ ቫልቭ አንገት ላይ፣ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ተንጠለጠለች። ልጅቱ መፍቻውን አንሥታ ማቆለፊያዎቹን አላላች፤ ሁለቱን ዳዶዎች በየተራ የሩብ ዙር ሩብ ያህል አጠበቀች፤ እጀታውን አዙራ እንዳልጨከነ አረጋገጠችና መልሳ ቆለፈች። ጠብታዋን በጨርቅ ጠርጋ ጠበቀች። ከላይ የክሬኑ ሠራተኛ ሰዓቱን ተመለከተ። ሽማግሌው አልተናገሩም።

«አባባ!» የሚል ድምፅ ከጀልባዪቱ ሆድ መጣ። «ደርቋል!»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ክሬኑ ሠራተኛ አነሡ፤ ቀበቶዎቹም ላሉ። ልጅቱ ግን ቶሎ አልወጣችም። የወለሉን ሳንቃ ከመመለሷ በፊት አራቱን እጀታዎች አንድ በአንድ ዘጋች፤ አንድ በአንድም ከፈተች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።